አሥራ ሁለት ቢጫ ራስ

ልጄ ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራው ሁሉ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ነው። ደግነቱ ግን ፋታ አይሰጥም። ጉልበቴ እምቢ ባለኝ ሰሞን፣ እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ፣ እሱ ጓሮው ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ፣ አልጋ አስገብቶ ጨርሶ ነበር። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለንም። ስልሳ አራት ደረጃ ነው። ሠላሳ ዓመት ስወጣው ስወርደው ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ መቁጠር የጀመርኩት መውጣት ሲያቅተኝ ነው።

«እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? እኔ ጋ ደረጃ የሚባል ነገር የለም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የለም። መስኮትም የለም ማለት ይቻላል፤ ያለችው አንዷ የምታሳየው የጎረቤቱን ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የእኔ መስኮት ግን ሰፈሩን ሁሉ እጄ ላይ ያደርግልኛል። ማን ከማን ጋር እንደታረቀ፣ ማን ቆሻሻውን ተደብቆ ሰው ደጃፍ እንደሚያስቀምጥ፣ የቱ ባል አምሽቶ እንደሚገባ አውቃለሁ። ከዚያ መስኮት መነሳት ለእኔ በቁም መቀበር ነበር። ስለዚህ ከልጄ ጋር ተዋዋልን። ሦስት ወር ሰጠኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ የሰው ክንድ ሳልይዝ፣ መሐል ላይ ሳልቀመጥ ቤቴ ከወጣሁ የጓሮዋን ክፍል ስም ዳግመኛ ላያነሳ፤ ካልወጣሁ ደግሞ ዕቃዬን ጠቅልዬ ልከተለው።

ጉልበቴን የምታሠራኝ ባለሙያ በሳምንት አራት ቀን፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንድራመድ አዘዘችኝ። በዚህ ዕድሜዬ የዋና ልብስ ገዝቼ ወደ ሕዝብ መዋኛው የሄድኩት በዚህ የተነሳ ነው።

ገንዳው አንድ ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ። አንዱ ሊፈጥንበት፣ አንዱ ልጁን ሊያስተምርበት፣ እንደ እኛ ያለው ደግሞ እንደ ልቡ ሊያነክስበት ይመጣል። እንዳንጋጭ ሰዓት ተከፋፍሎልናል፣ እንዳንደባለቅ የቆብ ቀለም ተሰጥቶናል። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የእኛ የተራማጆቹ ነው፤ ቆባችን ቢጫ። ከሁለት እስከ ሦስት የዋናተኞች ክለብ ነው፤ ቆባቸው ቀይ። ከዚያ በኋላ ያለው ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። ቢጫ ቆብ ለማግኘት ደግሞ «ደረጃ መውጣት የማይችሉ» የሚል የሐኪም ወረቀት ማምጣት ግድ ነው። እኔ አመጣሁ።

ሰባት ነበርን። ከሰባቱ ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ዳሌው ቢታመምም ውሃ ውስጥም ቢሆን ችሎት ላይ እንደተቀመጠ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው አርባ ዓመት ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና የነዳ ሹፌር ነው፤ ወገቡን ያስረከበው ለመንገዱ ነው። እኔን «መዝገብ ቤት» ይሉኛል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ስለኖርኩ ነው።

ከቀይ ቆቦቹ ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። እነሱ ውሃው ለእኛ ተብሎ ስለሚሞቅ ሾርባ ውስጥ የገቡ ያህል ያማርራሉ፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችን ሳያልቅ ዘለው እየገቡ በማዕበል ያንገላቱናል እንላለን። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ከገንዳው ለመውጣት የምንፈጀው ጊዜ በሕመማችን ብቻ የሚሳበብ አልነበረም። አሰልጣኛቸው ፊሽካ ከአፉ የማይለየው ሰው ነው። ሲቆጣም፣ ሲያመሰግንም፣ ሰላም ሲልም ይነፋል።

የመዋኛው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ከገንዳው በላይ፣ በመስታወት የተጋረደ ነው። ሰውየው ቆዳ ጫማው ውሃ እንዳይነካበት ስለሚሰስት ወደ ገንዳው ወርዶ አያውቅም፤ ሁሉን ነገር ከላይ በመስታወቱ ያያል። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ አገኘን። በየሰዓቱ አጋማሽ ላይ ለሦስት ሳምንት ቆጠራ እንደሚደረግ፣ በቆጠራው አሥራ ሁለት ሰው ያላሟላ ቡድን ሰዓቱን እንደሚነጠቅ ይላል። ሰባት ነን ብያችኋለሁ። እኔ ደግሞ ከሦስቱ ወር የቀረኝ አንድ ወር ብቻ ነበር፤ ጉልበቴ ገና ሃያ ደረጃ ላይ ነው የሚያስቀምጠኝ።

በዚያ ጠዋት ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተራመደ። እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት የተማርኩት ነገር አለ፤ ድምሩ ከሞላ ማንም ገጹን ገልጦ አያይም። ሰውየው የሚቆጥረው ከላይ ሆኖ ነው፤ ከላይ የሚታየው ቆብ ብቻ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ትርፍ ቆቦችና ሕፃናት የሚማሩባቸው ኳሶች ሞልተዋል። ኳስ ላይ ቢጫ ቆብ ቢጠለቅ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ከዳኛው መላጣ ማን ይለየዋል? ይህን ስናገር ዳኛው ነገሩ ማታለል መሆኑን፣ እንዲህ ያለውን ወንጀል በሥራ ዘመኑ ስንት ጊዜ እንደቀጣ ነገረን። ቀጥሎም እኔ ያልኩትን እንዳልሰማ ሆኖ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ድውር ሲባጎ ይዞ መጣ።

ሹፌሩ ሦስቱን ኳሶች ወገቡ ላይ አሰረ፤ ሁለቱን እኔ ያዝኩ። ተሳቢ ለመጎተት ከእሱ በላይ የሚታመን ሰው አልነበረንም። ጥግ ላይ ሲደርስ የኋላዎቹ ግድግዳ እንዳይነኩ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ ፊቱ ላይ ሰው ከመጣ በእጁ ፍሬቻ ያሳያል። ከፍ ያለ ወንበሯ ላይ ሆና የምትጠብቀን ሕይወት አዳኝ ሁሉንም አየች። አይታም የግድግዳውን ሰዓት በጥንቃቄ ማጥናት ጀመረች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ጋ ቆሞ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ቆጠረ። እኔ እጄን አነሳሁለት። ሹፌሩም ሲባጎውን ሳብ ሲያደርግ ሦስቱ ኳሶች ጎንበስ ቀና አሉ። ሰውየው በትሕትና እጁን አውለበለበላቸው።

አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ተንፍሰን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ግን ከእኔ ሁለት ኳሶች የአንዷ ሲባጎ ሳላውቀው ተበጠሰ። እኔ ከዳኛው ጋር ስለ ልጄ እያወራሁ ነበር። ኳሷ ቀስ እያለች ወደ ጥልቁ ጫፍ ሄደች።

አሰልጣኙ የዚያን ቀን ቀደም ብሎ መጥቷል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየው አንድ ቢጫ ራስ፣ ፊቱን ደፍቶ፣ ጥልቁ ላይ ሳይንቀሳቀስ ነው። አላመነታም። ከነቱታው፣ ከነጫማው፣ ከነሰዓቱ፣ ከነስልኩ ዘሎ ገባ። በሁለት ክንድ ደረሰበት፤ ከኋላ ደግፎ፣ አገጩን ከውሃ በላይ ለማውጣት እየታገለ፣ ራሱን ደረቱ ላይ አስደግፎ በጀርባው እየቀዘፈ ወደ እኛ ይዞት መጣ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሁለት ወር ሙሉ ስንረግመው የኖርነው ሰው ከእኛ ለአንዱ ብሎ ራሱን ወርውሯል። አፈርኩ።

ግድግዳው ጋ ደርሶ የያዘውን ዝቅ ብሎ አየ። ቆቡን አወለቀለት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ቀይ ኳስ ነው።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«አዲስ አባል ነው» አለ ሹፌሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጩኸት አልዘረዝርም። አሰልጣኙ ከነውሃው ወጥቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊሄድ ተነሳ። ሰዓታችን እንደሚወሰድ፣ ከዚያም አልፎ ዳግመኛ እግራችን ገንዳውን እንደማይረግጥ ነገረን። እኔ ያየሁት የጓሮዋን ክፍል ነው፤ መጋረጃዋ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ያዳነን ዳኛው ነው። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመ፣ ረጋ ብሎ፣ የክለቡ ዋናተኞች ስንት እንደሆኑ ጠየቀው። አሰልጣኙ ቱታውን መጭመቅ ያዘ። ዳኛው ጥያቄውን ደገመ። ስምንት ናቸው፤ ማስታወቂያው ሥር የተለጠፈው የመጀመሪያው ሳምንት የቆጠራ ውጤት ላይ ግን አሥራ አራት ተብለው ተጽፈዋል። ሹፌሩ በልብስ መቀየሪያው መስኮት ሆኖ ምሥጢሩን ካወቀ ቆይቷል። ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ጋ ብቅ ሲል አሰልጣኙ ፊሽካውን ይነፋል፤ ልጆቹም ነፍሳቸው እስኪወጣ ይዋኛሉ፤ ሰውየው አንዱን ሲሄድ አንድ፣ ሲመለስ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊሽካው ከአፉ ሲወድቅ አየን።

እጅ ከፍንጅ የተያዙ ሰዎች መስማማት አይከብዳቸውም። እዚያው ገንዳው ዳር ተቀምጠን ጨረስነው። የእሱ ስምንት ልጆች አንድ ሰዓት ቀደም ብለው መጥተው ቢጫ ቆብ አጥልቀው ከእኛ ጋር ይራመዳሉ፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችን ሲያልቅ ቀይ ቆብ አጥልቀን አንድ ሰዓት እንቆያለን። ሁለቱም ጋ አሥራ አምስት ራስ ይሆናል፣ ሁሉም የሰው።

ለወጣቶቹ ቀስ ብሎ መራመድ ቅጣት ሆነባቸው፤ ይሁንና ሳምንት ሳይሞላ ተካኑበት። አንደኛው ማነከሱን ከማሳመሩ የተነሳ ዳኛው ስለ ዳሌው በሐዘኔታ ጠየቀው። የእኛ ቀይ ቆብ ግን ጣጣ አመጣ። ሥራ አስኪያጁ አሰልጣኙን በስልክ ጠርቶ፣ ከዋናተኞቹ አንዳንዶቹ ሰሞኑን የደከማቸው መስለው እንደታዩት፣ አንዲቱ እንዲያውም ገመድ ተደግፋ ስታወራ እንደነበር ነገረው። ያቺ እኔ ነኝ። አሰልጣኙ አዲስ የሥልጠና ዘዴ ነው ብሎ አለፈው።

በቀዩ ሰዓት መራመድ ቀልድ አልነበረም። ልጆቹ አጠገባችን እንደ ቀስት ሲያልፉ ውሃው እየተነሳ ይገፋናል፣ እየተመለሰ ይስበናል። ላለመውደቅ ጣቶቼን ወለሉ ላይ ተክዬ እታገላለሁ። ቤቴ ስገባ እግሬ የሰው እግር መስሎ ይሰማኝ ነበር። ባለሙያዋ ጉልበቴን ስትነካው ምን እንደቀየርኩ ጠየቀችኝ፤ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ አልኳት። እንዲህም ሆኖ ደረጃዬን ሙሉ ለመሞከር ፈራሁ። ሞክሬ ቢያቅተኝ ለልጄ ምን መልስ እሰጣለሁ? የጎረቤቴን ክንድ ይዤ፣ በየፎቁ እያረፍኩ መውጣቴን ቀጠልኩ።

ቆጠራው አለቀ። የተሳካልን መስሎን ደስ ብሎን ስንመጣ በሩ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ደምሮታል። በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሰው እየገባ ስለሆነ ለንጽሕናም ለደኅንነትም አስጊ ሆኗል፤ ስለዚህ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ቢጫ ቆብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀይ ቆብ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይገባል፤ አንዱም በሌላው ቀን ድርሽ እንዳይል ይላል። ቆመን አነበብነው። ደግመን አነበብነው። ለእኔ የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ነው።

ጉዱ ፈላ። አሰልጣኙ ይሄን ያመጣብኝ የእናንተ ኳስ ነው አለ፤ ሹፌሩ የአንተ ፊሽካ ነው አለው። ዳኛው በሥርዓቱ ይግባኝ እንደሚያዘጋጅ፣ ለዚህም ሦስት ሳምንት እንደሚበቃው አስታወቀ። አንድ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ እውነቱን ይንገር ሲባል ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። አሰልጣኙ ከሥራዬ ያባርሩኛል ብሎ ፊሽካውን ማኘክ ያዘ፤ እኛ ሰባታችን ደግሞ ደረጃ የማንወጣ ሰዎች ነን። ንዴቴ ከጥፍሬ ተነስቶ ራሴ ላይ ወጣ። ያን ሁሉ ተንኮል ለመሥራት ምላስ ያላነሰው ሕዝብ አሁን አንድ እውነት የሚናገርለት አጣ? ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ገነጠልኩ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለአለቃ ያላልኩትን ሁሉ በአፌ እያልኩ ነበር የምሄደው።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሳ። እስትንፋሴ ሳይመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰባትነታችንን፣ ስምንትነታቸውን፣ ሲባጎውን፣ ፊሽካውን፣ የቆብ ልውውጡን። ሠላሳ ያለው ሰው አሥራ አምስት ነው፤ ሁለት ጊዜ ስለቆጠረው ነው የበዛበት። እሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«ኳስ?» አለኝ። «እኔ እኮ እጄን አውለብልቤላቸዋለሁ።»

«እነሱም ሰላም ብለውዎታል» አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ይህን ነገር ለማንም እንደማልናገር ቃል ገባሁለት፤ እንደምታዩት አልቻልኩም። ቀጥዬ ሐሳቤን አቀረብኩ። ሁለት ቡድን ብሎ ከጻፈን ሁለታችንም አሥራ ሁለት አንሞላም፤ አንድ ቡድን ብሎ ከጻፈን አሥራ አምስት ነን። ሁለቱንም ሰዓት በሙሉ ሳምንቱን ለአንድ ቡድን ይስጥ፣ ገንዳው መሐል ገመድ ይዘርጋ፣ ከገመዱ ወዲህ እኛ እንራመድ፣ ከወዲያ እነሱ ይፍጠኑ። ማዕበሉን እኛ እንችለዋለን፣ ሙቀቱን እነሱ ይቻሉት። ሰውየው እስክሪብቶውን አንስቶ አሰበ። አሥራ አምስት ከአሥራ ሁለት እንደሚበልጥ ሲያረጋግጥ መጻፍ ጀመረ። እፎይ ልል ስል እጁ ቆመ። እኔን አየኝ፣ ከኋላዬ በሩን አየ።

«ለመሆኑ እርስዎ እዚህ እንዴት ወጡ?»

ዞር አልኩ። ከበሩ ማዶ ደረጃው ወደ ታች ይሄዳል፤ ከሃያ በጣም ይበልጣል። ከሥር እስከ ላይ የእርጥብ ጫማዬ ዱካ አለ፤ አንድ ቦታ እንኳ ሁለቱ እግሬ ጎን ለጎን ቆመው ውሃ አላጠራቀሙም። የትም አላረፍኩም። የእጅ መደገፊያውን መያዜንም አላስታውስም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሥራ አስኪያጁ አለቃቀሴን በሌላ ተረጎመው። በሐዘን ድምፅ ደንብ ደንብ ነው አለኝ፤ ቢጫ ቆብ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ብቻ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ከዝርዝሩ ሊሰርዝ ግድ ይለዋል፤ አሥራ አራትም ቢሆን ይበቃል። እንባዬን ጠረግኩ።

«በደብዳቤ ይስጡኝ» አልኩት።

አያስፈልግም አለ። ያስፈልጋል አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ አሳልፌያለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን በቃል ብቻ ተቀብዬ አልሄድም። እሱ ጻፈ፣ እኔ አጻፍኩት። ቀኑን፣ የወጪ ቁጥሩን፣ «ደረጃ ያለ ማንም ድጋፍ መውጣት የሚችሉ መሆኑ በዓይን ስለተረጋገጠ ከቡድኑ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን» የሚለውን ሳይቀር። ማኅተሙ ደብዘዝ ብሎ ስለወጣ እንዲደግመው አደረግኩ።

ታች ስወርድ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁኛል። ነገርኳቸው። ልጆቹ ጨፈሩ፣ አሰልጣኙ ነፋ። ሹፌሩ ብቻ ቀረብ አለና፣ ከነገ ጀምሮ አጠገቡ ማን እንደሚራመድ ጠየቀኝ። ደስታ እንዲህ ካለ ሐዘን ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለልጄ ደውዬ ና አልኩት። ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ መጣ፤ የተሸነፍኩ መስሎት ፊቱ ላይ እንዳይነበብ የሚታገለው ደስታ ነበረበት። ከሕንፃው በር ላይ ደብዳቤውን ሰጠሁት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ከገንዳ የተባረርሽበት ወረቀት ነው» አለኝ።

«ነው። ማኅተሙን እይልኝ» አልኩትና ፊት ፊቱ መውጣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ፎቅ ላይ አላረፍኩም። ሁለተኛው ላይም። አርባ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ አርባ ሦስት አልኩ። ንዴት አልነበረኝም፣ ማዕበልም አልነበረም፤ ከኋላዬ ልጄ ብቻ ነው ያለው። ሃምሳ ስደርስ እሱ ማውራት አቁሟል። ሃምሳ ስድስት ላይ ካርቶን ሲወድቅ ሰማሁ።

«እማዬ» አለ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ትንሽ ቆም በይ።»

ዞሬ አየሁት። ደረጃው ላይ፣ ከካርቶኖቹ መሐል ቁጭ ብሏል። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። ስምንት ወጥቼ የቤቴን በር ከፈትኩ፤ ተመልሼም ስምንቱን ወረድኩ።

«ና ተነስ» አልኩት። «ክንዴን ያዝ።»